ሁለት ጋን፣ አንድ እቅፍ ግራዋ

የተከራየሁበት ግቢ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ በረኪና አይገባም። ሬዲዮ ማስጮህ ይቻላል፣ እንግዳ ማሳደር ይቻላል፣ አምሽቶ የሚገባ ሰውም የቆርቆሮውን በር ቀስ አድርጎ እስከዘጋ ድረስ አይወቀስም። በረኪና ግን በጠርሙስም ሆነ በላስቲክ ከበሩ አያልፍም።

ሐይቅ ከተማ መምህርት ሆኜ ስመደብ ክፍሉን ያገኘልኝ አባቴ ነው። ቤቱ የልጅነት ጓደኛው ልጅ ቤት ነው። እኛና እነሱ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ባለች መንደር፣ በአንድ የድንጋይ ካብ የምንዋሰን ጎረቤቶች ነን፤ እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን። ልጅቱ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሕፃን ሳለሁ አዝላኛለች ይባላል፤ ስለዚህ እትዬ ነው የምላት። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ እሷ ዐረብ አገር ሄደች። እኔ ተመርቄ ስወጣ ደግሞ እሷ ተመልሳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከጓሮው ሐይቁ የሚታይ ቤት ሠርታ አገኘኋት።

ሕጉ የመጣው ከዚያው ከዐረብ አገር ነው። መስኮት በሌለው የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ቶሎ ይንጣልኝ ብላ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ደባልቃ ስትፈትግ ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። ሐኪም ቤት ሰነበተች፣ ዳነች፣ ሥራዋንም ቀጠለች፤ ሳሉ ግን አብሯት አገር ቤት ገባ። አሁን ጎረቤት ልብስ በበረኪና ዘፍዝፎ ሽታው በነፋስ ከመጣ የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ወደ ሐይቁ በኩል ትወጣለች፤ እስኪበርድላት አትመለስም።

እዚህ ላይ የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በረኪና ከአቼቶም፣ ከሎሚም፣ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃም ጋር አይደባለቅም። ሲደባለቅ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ።

እኔ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ከበረኪና ሌላ ንጽሕና ያለ አይመስለኝም ነበር። ኮሌጅ ሳለን ከዶርማችን በር በረኪና ካልሸተተ ክፍሉ የተጠረገ አይመስለኝም፤ ጓደኞቼ ሆስፒታል እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አሁን ባልዲዬን፣ መወልወያዬንና መጥረጊያዬን በተርታ ደርድሬ፣ በምን እንደማጸዳ ሳላውቅ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠችኝ በዓሣ መጥበሻ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገዝቼ ክፍሌ ውስጥ ጠበስኩ። መብላቱን በደንብ በላሁ። ሽታው ግን ከመጥበሻው ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ ትራሴ ሄደ። በሳሙና ደጋግሜ ባጥብም መጥበሻው ያው ነው። እትዬ በበሩ ስታልፍ ቆመች።

«ቲቸር፣ ሐይቁ እክፍልሽ ገባ እንዴ?»

«እትዬ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ በረኪና ቢፈቀድልኝ…»

«አብሽሪ፣» ብላ ሄደችና ሎሚና የጨው ዕቃ ይዛ ተመለሰች። መጥበሻው ላይ ጨው ነሰነሰች፤ ሎሚውን ለሁለት ቆርጣ፣ በተቆረጠው በኩል ጨውን እያሸች መጥበሻውን ዞረችው። የተጨመቀውን ልጣጭ ደግሞ በውሃ አፍልታ፣ እንፋሎቱ ክፍሉን እንዲሞላው ክዳኑን ከፈተችው። በቀረው ግማሽ ሎሚ እጄን አሸሁ። የእራት ሰዓት ሲቃረብ ትራሴ ወደ ትራስነቱ ተመለሰ።

እኔም ምክንያቱን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ዓሣን እንዲሸት የሚያደርገው ነገር ቤዝ መሆኑን፣ ሎሚ አሲድ መሆኑን፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሽታው ወደ አየር መነሳቱን እንደሚተው አስረዳኋት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ስለዚህ ሎሚ ይገድለዋል ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ያለ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሁለታችን ጨዋታ ይኸው ሆነ። እሷ ታሳየኛለች፣ እኔ ለምን እንደሆነ እፈልጋለሁ። ሻይ ያጠቆረውን የፔርሙዝ ውስጥ በጥሬ ሩዝ፣ በጨውና በሞቀ ውሃ ሞልተን፣ ክዳኑን ገጥመን እንደ ቅል እንንጠዋለን፤ እጅ የማይገባበትን ሩዙ ገብቶ ይፈትጋል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ አፍልተን እናላቅቀዋለን። የተነፋ አመድ በርጥብ ቃጫ ተይዞ ብረት ድስትን እንደ አዲስ ያደርጋል። ሁሉም ግን አልሠራልንም። በአመድ የፈተግኩት የማያስይዝ መጥበሻ ሽፋኑ ተልጦ ቀረ፤ እትዬ ከዐረብ አገር ያመጣችው ነበር፤ አገላብጣ አየችውና የዶሮ ማጠጫ አደረገችው።

ሌላም የማይሠራ ነገር ልናገር። ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ሲጨመሩ ደስ የሚል አረፋ ያወጣሉ፤ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ሳሳያቸው ወንበር ላይ ቆመው ነው ያዩት። አረፋው ሲበርድ የሚቀረው ግን ለማጽዳት ብዙም የማይጠቅም ጨዋማ ውሃ ነው፤ አሲዱና ቤዙ እርስ በርስ ተጨራርሰዋል። ለየብቻቸው ግን ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ «ታዲያ ለምን አደባለቅሽው ቲቸር?» አለችኝ። «እንዳትደባልቁት» አልኳት፤ የተዋጠላት አልመሰለኝም።

እንዲህ እያልን ጥር ደረሰ፤ ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ሆነ።

በእኛ አገር ክርስቲያን ሲደግስ አንድ ድግስ አይደግስም፤ ሁለት ይደግሳል። ለሙስሊም ጎረቤቶች ዳሱ ለብቻ ይጣላል፣ በሬውን ሙስሊም ያርደዋል፣ ወጡን ሙስሊም ትሠራዋለች። በጠላ ፋንታ ቀሪቦ ይቀርባል፤ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚዘጋጅ፣ ቀለሙ ጠላ የሚመስል፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። ዕቃውም ሁሉ ጠላ ነክቶት የማያውቅ መሆን አለበት። ይህ የተጻፈበት ማስታወቂያም፣ የሚቆጣጠር ሰውም የለም። ሁሉም የሚያምነው ያችን በዚያ ማድ ቤት የቆመችውን ሴት ነው። በቤታችን ያች ሴት ሁልጊዜ የእትዬ እናት ነበሩ። የእኔን ክርስትና፣ የአያቴን ተዝካር፣ ሁሉንም በእሳቸው እጅ ነው ያሳለፍነው። እትዬ ዐረብ አገር ሳለች አረፉ። እሷ መምጣት አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ትልቅ ድግስ ኖሮ አያውቅም።

አባቴ ሊጠይቃት ሐይቅ ድረስ መጣ። ግባ ብትለው እምቢ ብሎ ደጃፉ ላይ በርጩማ አስመጥቶ ተቀመጠ።

«ያው ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ አልችልበትም። እኔ የማውቀው የሰው አገር ምግብ ነው።»

«ገብስ እንደሆነ ገብስ ነው።»

«ስኳሩን እንኳ ስንት እንደምታደርግ አላየኋትም።»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ከአጥሩ ማዶ ሌላ ልጅ አለኝ?»

እትዬ የሻርፗን ጫፍ አጣጠፈች። ቆይታ «ኢንሻ አላህ» አለችው። እሱን ባጃጅ ድረስ ሸኝቼ ስመለስ ሎሚ ዛፏ ሥር ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ቀሪቦ ቀምሶ አያውቅም፣» አለችኝ። «የማንም ድግስ ሄዶ ውሃ ነው የሚጠይቅ። ዘንድሮ ከእኔ እጅ ካልጠጣ፣ በቃ፣ እቤቱ ገብቼም አልገባሁም።»

«ለምን አይጠጣም? ይጠጣል።»

«ያንች አባት ይጠጣል ቲቸር። የእኔን አባት አታውቂውም።»

የግማሽ ዓመቱን ፈተና አርመን እንደጨረስን አብረን ወጣን። ውጫሌ ገበያ ወርደን ጋን መረጥን። ጋን ሲመረጥ በጣት አንጓ ይንኳኳል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ የተሰነጠቀበት ቦታ አለ ማለት ነው። እትዬ ያለውን ሁሉ አንኳኩታ አንዱን ወሰደች።

«የእማማ ጋንስ?» አልኳት። እናቷን እኛ ልጆቹ እማማ ነበር የምንላቸው።

«ተሰብሮ ይሆናል፣» አለች፣ ገንዘብ እየከፈለች፣ ሳታየኝ።

መንደር እንደደረስን አዲሱን ጋን በግራዋ ቅጠል አጥበን፣ በወይራ አጥነን፣ ከሙስሊሞቹ ዳስ ጀርባ አስቀመጥነው። ለዚህ ጋን የማልጠነቀቅለት ነገር አልነበረም። ክዳኑን እንኳ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩት። በማግስቱ ሁለታችን ገብሱን ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ወረድን፤ ተራው ረዝሞብን የተመለስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እትዬ ጨርቁን ፈታች፣ አጎነበሰች፣ ቀና አለች። እኔም አጎነበስኩ። ጌሾ ነው።

የጠላው አለቃ የአባቴ እህት ነበረች። አክስቴን ከጠላው ጎጆ ጠራኋት፤ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ጋኑ ውስጥ ያለው።»

«እሱማ ጌሾ ነው።»

«የማን ጌሾ?»

«የማን ይሆናል፣ የመልሱ ነዋ። ለሠርጉ እንጂ ለመልሱ ቀን ጠላ አይበቃም ብዬ ነው። የኔው ጋን ሳጥነው ተሰነጠቀብኝ። ዞር ስል ይሄ ባዶውን ቁጭ ብሏል።»

«ይሄ እኮ የቀሪቦው ነው።»

«አውቃለሁ እንጂ፣ ምን አጣሁት። ለዚያ እኮ ነው ብቅል ያልጨመርኩበት። ጌሾና ውሃ መቼ ጠላ ሆነ? ነገ ጠዋት እገለብጠዋለሁ ብዬ ነው፤ እናንተ ቀደማችሁኝ።» ከዚያ የእትዬን ፊት አየች። «አንችዬ፣ ጥፋት ነው?»

እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አላውቅም፣» አለች።

አስቸጋሪው ነገር አክስቴ አለመሳሳቷ ነው። ጌሾ ብቻውን አያሰክርም። የሚያሰክረው የሚመጣው ከብቅሉና ከቂጣው ነው፤ በእነሱ ውስጥ ያለውን ስኳር እርሾው ሲበላው ነው። ይህንን እዚያው ቆሜ አስረዳሁ፤ አክስቴ በእያንዳንዱ ቃሌ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። «አየሽ፣ ተማሪ ቤትም እንደኔ ነው የሚለው፣» አለች። እትዬ ግን ጋኑን እንጂ እኛን አታይም ነበር። ጋሼ፣ አባቷ ማለት ነው፣ ከካቡ ማዶ በሬያቸውን ሲያስገቡ ድምፃቸው ይሰማል።

«እንጠበው፣» አልኩ። «ከሥር ከመሠረቱ ይታጠብ።»

ጋን ማጠብ መጥበሻ እንደማጠብ አይደለም። ሸክላ ይጠጣል። ውሃ የሞላ ጋን ከውጭ የሚያልበው ለዚህ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ የነካውንም ሁሉ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ሳሙና አይሆንም፤ ሳሙናውን ጠጥቶ ለእንግዳው ይመልስለታል። በረኪና ቢኖር ኖሮም አይሆንም ነበር። የሚሆነው ሰው ቢቀምሰው የማይጎዳው ነገር ብቻ ነው።

ሥራውን በቅደም ተከተል አስቀመጥኩ። ጌሾው ተገለበጠ፤ ጋኑ በብዙ ውሃ ታጠበ። ቀጥሎ የተነፋ አመድ በፈላ ውሃ ተበጥብጦ ገባበትና እስኪቀዘቅዝ ተተወ። ተደፋ፣ ታጠበ። በማግስቱ ማለዳ ከጓሮ አንድ እቅፍ ግራዋ ተቆረጠ። ግራዋውን ያሸችው አክስቴ ናት። ማንም አላዘዛትም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጋኑ ውስጥ ከትታ፣ አረንጓዴ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ፈተገችው። መካከል ላይ ቀና ትልና «ይበቃል?» ትላለች። «ትንሽ» እላታለሁ። መልሳ ትገባለች። ከዚያ ጨውና ሎሚ፤ ለወጥ የመጣውን ሎሚ ግማሹን ጨረስነው፤ እናቴ ከማድ ቤት «ሠርግ ነው ወይስ የሎሚ ለቅሶ?» እያለች ነበር። ሎሚው ታጥቦ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሶዳ። አንድ ላይ አልጨመርኳቸውም። በመጨረሻ አፉን ወደ ፀሐይ አድርገን አስተኛነው።

ከሰዓት በኋላ የማያውቅ አፍንጫ አስፈለገን። ሙሽራውን ወንድሜን ጠርቼ ዓይኑን ጨፍኜ ጋኑ አፍ ላይ አጎነበስኩት።

«ምን ይሸታል?»

«ሎሚ።»

«ሌላስ?»

«ግራዋ።»

«ሌላስ? በደንብ አሽትት።»

«ርቦኛል። ሙሽራ እንዲህ ይደረጋል?»

አክስቴ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እኔም በውነቱ ኮራሁ። ከትናንት ወዲያ ከገበያ ሲመጣ እንኳ እንዲህ አልነጻም ነበር ብዬ ለእትዬ ነገርኳት። እሷም አጎንብሳ አሸተተች።

«እውነትሽን ነው፤ የለም፣» አለች። «እጅሽ ይባረክ። አሁን ለአባቴ ልንገረው።»

«ምኑን?»

«ጌሾ እንደነበረበት።»

«እትዬ፣ ጠፍቷል እኮ። ከጠፋ ምን ይነገራል?»

«እንግዲህ ከጠፋ መናገሩ ምን ይከብዳል?» ብላ ወደ ካቡ ሄደችና ተጣራች።

ጋሼ ካቡን ዞረው መጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጋኑ አጠገብ ሲደርሱ ከዘራቸውን ለአባቴ ሰጥተው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። እትዬ ከፊታቸው ቆማ ምንም ሳትቀንስ ነገረቻቸው፤ ጨርቁን፣ ወፍጮውን፣ ጌሾውን። የአክስቴ ስም ሲደርስ «ክፉ አስባ አይደለም» አለች። እኔ ደግሞ የብቅሉን ነገር፣ የአመዱን፣ የግራዋውን፣ የሎሚውን አስከተልኩ። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ጋኑ አስገብተው አሸተቱ።

«ሽታ የለውም፣» አሉ። «እኔ ብሆን እጠጣበታለሁ።»

አክስቴ እፎይ አለች።

«ግን ዳሱ ውስጥ የምቀመጠው እኔ ብቻ አይደለሁ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንዱ ሽማግሌ ዋንጫውን ይዞ፣ ልጄ ጋኑ ንጹሕ ነው ወይ ቢልሽ፣ ምን ትይዋለሽ?»

እትዬ አሰበች። «ንጹሕ ነው፣ ጌሾ ብቻ ነበረበት፣ ብቅል አልገባም፣ በአመድ፣ በግራዋ…»

«ረዘመ።»

«ረዘመ፣» አለች እሷም።

«እናትሽ አጭር ነበር የምትመልስ።»

እኔ ያን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ አንድ ቃል የማስገባበት ቦታ አጣሁ፤ ይህ እምብዛም አይደርስብኝም። ጋሼ ከዘራቸውን ተቀብለው ተነሱ። «ይሄን ለእህታችን ስጧት፤ ጋን ጎድሏት የለ?» አሉ አክስቴን እያዩ። «የኛን ቤቱን ጋን አምጡት።»

«አልተሰበረም?» አለች እትዬ።

«ማን ሰበረው?»

«ዝም ስትል ጊዜ… እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁህ።»

«አንች ዝም ስትይ ጊዜ እኔም አላነሳሁትም።»

ጋኑን ወንድሜና አባቴ ተሸክመው በካቡ ላይ አቀበሉን፤ አክስቴ ሙሽራ ዕቃ ሲሸከም አላየሁም እያለች ከኋላ ትከተላለች። ጋኑ ጥቁር ነው፤ ከአንገቱ ላይ ትንሽ ተሸርፏል። አፉ ላይ ሰሐን ተደፍቶበት፣ ሰሐኑ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ነበር፤ እማማ ራሳቸው እንደተዉት ነው አሉ ጋሼ፤ ሌላ ሰው አልነካውም። ሰሐኑ ሲነሳ ከውስጥ ደረቅ አቧራና የሸረሪት ድር ነበር።

እኔ ወዲያው እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አመዱ አለ፣ ግራዋው ተርፏል፣ ሎሚም አልጠፋም። አመዱን በጣሳ አፍሼ ልጨምር ስል እትዬ እጄን ያዘችው።

«ቲቸር፣ ተይ።»

«እትዬ፣ ስንት ዘመን ያልታጠበ ነው።»

«ቆይ።»

አጎንብሳ ራሷን ጋኑ ውስጥ አስገባች። ብዙ ቆየች። አቧራው ሳሏን ይቀሰቅሰዋል ብዬ ፈራሁ፤ አልተቀሰቀሰም። ከውስጥ አንድ ነገር ተናገረች፤ የጋን ሆድ ድምፅን ይጠቀልላል፣ እኛ ጋ የደረሰው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ቀና ስትል ግንባሯ ላይ ድር ነበር። «ነይ አሽትቺ፣» አለችኝ።

አሸተትኩ። ከአቧራው ሥር የተቆላ ገብስ ነበር፤ ከገብሱ ሥር ወይራ። ልጅ ሆኜ በዳሱ ጨርቅ ቀዳዳ የሾለክሁ ያህል ሆኖ ተሰማኝ፤ እማማ መቅጃ ይዘው፣ «አንች ደግሞ ያንቺው ዳስ ወዲያ ነው» እያሉ፣ ግን ቀድተው እየሰጡኝ። ሸክላ ይጠጣል ብዬ ነበር። የጠጣውን ሁሉ ማስወጣት ይገባል ያለኝ ግን ማንም የለም።

ስለዚህ ያን ጋን እንዴት እንዳጠብነው ልናገር፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግን። ለብ ያለ ውሃ ብቻ አዙረን ደፋን፤ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ደጋገምን። አንድ ጭብጥ የግራዋ ቅጠል ሳይታሽ፣ ሳይፈተግ፣ በውሃው ላይ ተንሳፎ ወጣ። አመድ የለም፣ ጨው የለም፣ ሎሚ የለም። ከዚያ ወይራ። ጢሱ ለእትዬ ደረት ስለማይስማማ አጣጠኑ የእኔ ሥራ ሆነ፤ እሷ ከካቡ ማዶ ነፋሱን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማ ታዘኛለች። «ድፊው። አንሺው። አሁንም ድፊው። ይበቃል ቲቸር፣ ይበቃል አልኩሽ፣ ዓሣ ልታደርቂ ነው?»

የሠርጉ ቀን ሁለቱም ዳስ ሞላ። አክስቴ አዲሱን ጋን ለመልሱ ጠላ ወስዳ፣ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ታሪኩን ትናገራለች። ጠላው ደርሶ ሲቀመስ ሎሚ ሎሚ ይላል ተብሎ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ሆነ፤ እስከ ዛሬ በቤታችን ጠላ በቀረበ ቁጥር ለእኔ «ሎሚ ይኑርሽ?» የሚለኝ አይጠፋም።

እኔ የነበርኩት ከሙስሊሞቹ ዳስ ጀርባ ነው፤ ለእትዬ መቅጃና ጆግ አቀብላለሁ። ምግቡ ተነሥቶ ቀሪቦው መዞር ሲጀምር ጆጉን ይዛ ራሷ ገባች። እኔ በጨርቁ ክፍተት አያለሁ፤ ያው የልጅነት ቦታዬ ነው። ከመጀመሪያው ተርታ አንድ ከሩቅ መንደር የመጡ ሽማግሌ ዋንጫቸውን ዘረጉ፤ ሳይቀዳላቸውም መልሰው ያዙት።

«ልጄ፣ አላወቅሁሽም። ጋኑ የማን ነው?»

«የእናቴ ነው።»

ሽማግሌው ዋንጫቸውን ዘረጉ። ቀጥሎ ያሉትም ዘረጉ። ሦስተኛው ጋሼ ነበሩ። እትዬ ጆጉን ይዛ ፊታቸው ቆመች። ጋሼ ወደ ውሃው ጣሳ አላዩም። ዋንጫቸውን አነሡላት፣ ተቀዳላቸው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ። አጣጣሙት። ጢማቸውን ጠረጉ።

«ስኳር አብዝተሻል፣» አሏት። «እናትሽ ታሳንሰው ነበር።»

«እሽ አባቴ።»

«ለወደፊቱ ነው።» ዋንጫውን መልሰው ዘረጉላት። «በይ ቅጅልኝ።»